አቼቶ የጥጥን ቀለም አያስርም

ሰሞኑን ከስልክ ወደ ስልክ የሚዞር አጭር ቪዲዮ አለ። ሳፋ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ይሞላል፣ አንድ ኩባያ አቼቶና ሁለት እፍኝ ጨው ይጨመርበታል፣ ከዚያ ገና ተሰፍቶ ያለቀ ቀይና ነጭ ኩዊልት ይዘፈዘፋል። «ከእንግዲህ ቀለሙ አይለቅም፣ ታስሯል» ይላል የተራኪዋ ድምፅ። ምክሩ አዲስ አይደለም። ባለ ጥለት ቀሚስ ገዝቶ ቤቱ የገባ ሰው ሁሉ ከእናቱ ወይም ከጎረቤቱ ሰምቶታል። አሁን ግን ሰዎች ለወራት ቅዳሜና እሑዳቸውን ሰውተው በእጃቸው የሰፉትን ሥራ በዚህ ምክር ተማምነው እያጠቡ ነው። ነጩ ሮዝ ሆኖ ሲወጣባቸው ደግሞ «አቼቶው አንሶ ነው» ይላሉ። የጨርቅ ቀለም ኬሚስትሪ ሙያዬ ነው፣ ኩዊልት መስፋት ደግሞ የትርፍ ጊዜ ሥራዬ፤ ስለዚህ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። አቼቶ በጥጥ ላይ ቀለም አያስርም። ጨውም አያስርም። ሁለቱ ተደምረውም አያስሩም።

ኩዊልት ምን እንደሆነ በአጭሩ ተናግሬ ልለፍ። ሦስት ድርብ ያለው የአልጋ ልብስ ነው፤ ከጨርቅ ቁርጥራጭ የተገጣጠመ ፊት፣ መሃሉ ላይ ባዘቶ፣ ከሥሩ ገበር። ሦስቱ እንዳይንሸራተቱ በመርፌ ቁልፍ ይያዛሉ፣ ከዳር እስከ ዳር በጥቃቅን ስፌት ይያያዛሉ፣ በመጨረሻም ጠርዙ በቀጭን ጨርቅ ይከፈፋል። አቆራረጡንና አገጣጠሙን የሚያስተምር ሞልቷል። የመጀመሪያው እጥበት ግን ከስፌቱ ያልተናነሰ የሥራው ክፍል ነው። የጥጥ ባዘቶ በዚያ እጥበት ከ3 እስከ 5 በመቶ ይሰበሰባል፤ ኩዊልት ወዳዶች የሚወዱት ለስላሳ ጭምድድ የሚወጣው ያኔ ነው። ከተለያየ ፋብሪካ የመጡ፣ በተለያየ ቀለም የተነከሩ ብዙ ጨርቆች እርጥብ ሆነው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚነካኩትም ያኔ ነው።

ጥጥ ሴሉሎስ ነው። ሴሉሎስ ደግሞ የግሉኮስ ሞለኪውሎች ተቀጣጥለው የሠሩት ረጅም ሰንሰለት ሲሆን፣ በሰንሰለቱ ዳርና ዳር ሃይድሮክሲል የሚባሉ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንዶች ተደርድረውበታል። አብዛኛው ቀለም ጥጥን የሚይዘው በእነዚህ በኩል ነው። አያያዙ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ በመርፌ ቁልፍ እንደተያዘ ንጣፍ ነው፤ ለጊዜው ይቆማል እንጂ ቁልፉን የነቀለ ሰው ያላቅቀዋል። ሌላው በክር እንደተሰፋው ነው፤ ካልተቀደደ አይለይም። ቀለም ለቀቀ ስንል የለቀቀው በመርፌ ቁልፍ የተያዘው ነው።

የመጀመሪያው አያያዝ ቀደም ብሎ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1884 ጀርመናዊው ኬሚስት ፓውል በቲገር ኮንጎ ሬድ የተባለውን ቀለም ሠራ። ከእሱ በፊት የነበሩት ሰው ሠራሽ ቀለሞች፣ ዊልያም ፐርኪን በ1856 ያገኘውን ሐምራዊ ጨምሮ፣ በጥጥ ላይ ያለ አጋዥ ንጥረ ነገር አይቆሙም ነበር። ኮንጎ ሬድ ግን ጥጡ ሙቅ የቀለም ውሃ ውስጥ ሲገባ በቀጥታ ያዘ። ረጅምና ጠፍጣፋ ሞለኪውል በመሆኑ ከሴሉሎሱ ሰንሰለት ጎን ይጋደማል፣ በደካማ የሃይድሮጅን ትስስሮችም ይጠጋል። ሙቅ ውሃ ሲያገኘው ግን ይሄዳል። ይህ ቀለም ሌላም ጠባይ አለው፤ ጠንከር ያለ አሲድ ሲነካው ቀዩ ወደ ሰማያዊ ይለወጣል። አቼቶ የጥጥ ቀለም ወዳጅ ነው የሚል ሰው ይህን ቢያይ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ኮንጎ ሬድ የሚሠራበት ቤንዚዲን ካንሰር አምጪ ሆኖ በመገኘቱ ቀለሙ ከጨርቅ ሥራ ወጥቷል።

ስፌቱ የመጣው በ1950ዎቹ ነው። ኢያን ራቲና ዊልያም ስቲቨን የተባሉ የእንግሊዙ የኢምፔሪያል ኬሚካል ኢንዱስትሪስ ተመራማሪዎች ከሴሉሎስ ጋር በእውነተኛ ኬሚካዊ ትስስር የሚጋባ ቀለም ሠሩ፤ ኩባንያው በ1956 ፕሮሲዮን ብሎ ለገበያ አቀረበው። በዚህ ቀለም ሞለኪውል ጫፍ ላይ ክሎሪን የያዘ ቀለበት አለ። የቀለሙ ውሃ ሶዳ አሽ ተጨምሮበት ፒኤቹ ወደ 11 ሲጠጋ የጥጡ ሃይድሮክሲል ሃይድሮጅኑን ይጥላል፣ ክሎሪኑን ገፍቶ በቦታው ይገባል፣ ቀለሙና ጥጡ አንድ ሞለኪውል ይሆናሉ። እዚህ ላይ ልብ ይበሉ፦ ጥጥንና ቀለምን ያጋባው አሲድ አይደለም፤ የአሲድ ተቃራኒ ነው። አቼቶ ጨምሮ ጥጥ ላይ ቀለም ለማሰር መሞከር ሥራውን በተቃራኒው አቅጣጫ መግፋት ነው።

ታዲያ ይህን ያህል ጠንካራ ትስስር ካለ አዲስ ቀይ ጨርቅ ለምን ይለቃል? ነገሩ ሁሉ ያለው እዚህ ነው። ሃይድሮክሲል ያለው ጥጥ ብቻ አይደለም፤ ውሃም አለው። ቀለሙ የሚነከረው ውሃ ውስጥ ስለሆነ፣ ጥጡን የሚጠብቀው ያ ቀለበት ከጥጡ በፊት ከውሃው ጋር ሊጋጠም ይችላል። አንዴ ከውሃ ጋር ከተጋጠመ አለቀ፤ ከጥጥ ጋር ሊሰፋ የሚችልበት ጫፍ የለውም። መልኩ ግን ያው ቀይ ነው፣ ቅርጹም ያው ረጅም ሞለኪውል ነው፣ ስለዚህ ፋይበሩ ውስጥ ገብቶ በደካማ ትስስር ተሸጉጦ ይቀመጣል። እንደ ቀለሙ ዓይነት ከ10 እስከ 40 በመቶ የሚሆነው ቀለም እንዲህ ባክኖ ሊቀር ይችላል። ጥሩ ፋብሪካ ይህን ትርፍ በሙቅ ውሃ ደጋግሞ ያጥባል። ውሃና ነዳጅ ለመቆጠብ እጥበቱን ያሳጠረ ፋብሪካ ደግሞ ትርፉን ከጨርቁ ጋር ይሸጥልናል። ደማቅ ቀይ፣ ጥቁርና ጥልቅ ሰማያዊ ብዙ ቀለም ስለሚፈልጉ ትርፋቸውም ብዙ ነው።

ከዚህ የሚከተለው ግልጽ ነው። ይህ ቀለም የሚታሰርበት ጫፍ ስለሌለው ቤት ውስጥ አቼቶም ሶዳም ቢጨመር አይታሰርም። መውጣት አለበት። ክርክሬ ሁሉ ይኸው ነው፦ የመጀመሪያው እጥበት ዓላማ ቀለሙን ማስቀረት ሳይሆን ትርፉን ማስወጣት ነው።

«እኔ ግን አቼቶና ጨው አድርጌ ውሃው ጠርቶ አየሁ» የሚለውን ሰው አምነዋለሁ። ውሃው በእርግጥ ይጠራል። እርጥብ ጥጥ ነጌቲቭ ቻርጅ አለው፣ የጥጥ ቀለሞችም አብዛኞቹ ነጌቲቭ ናቸው፣ ስለዚህ ይገፋፋሉ። ጨው ሲጨመር የሶዲየም አዮኖች መሃል ገብተው ግፊያውን ያበርዱታል፣ ቀለሙም ጥጡ ላይ መቀመጥን ይመርጣል። ቀለም ነካሪዎች ጨው የሚጨምሩት ለዚህ ነው። በሳፋው ውስጥ የሆነውም ይኸው ነው፤ ጨውና ቅዝቃዜ ትርፉን ቀለም ጨርቁ ውስጥ እንዲቆይ አደረጉት። በሚቀጥለው እጥበት፣ ጨው በሌለበት ለብ ባለ ውሃ፣ ቀለሙ ይወጣል። ያኔ አልጋ ላይ ከርሞ የተወደደ ኩዊልት ነው የሚበላሸው።

አቼቶውም ቢሆን ቦታ አለው። ሱፍና ሐር ፕሮቲን ናቸው፤ አሚን የሚባሉት ክፍሎቻቸው ከአሲድ ሃይድሮጅን ሲቀበሉ ፖዘቲቭ ይሆናሉ፣ ነጌቲቩን ቀለም ይስቡታል። እንደ መንዝ ባና ያለ የበግ ጠጉር ሥራ በአሲድ ቀለም ሲነከር አቼቶ ትክክለኛ ረዳት ነው። ጥጥ ግን እንዲህ ያሉ አሚኖች የሉትም። አሲድ አንዳንድ የፕሮሲዮን ዓይነት ትስስሮችን ቀስ እያለ እንደሚያላላም ይታወቃል። አንድ ጊዜ በቀጭን አቼቶ የተለቀለቀ ጨርቅ የሚታይ ጉዳት ይደርስበታል አልልም፤ አቼቶ እንደነካው ሳይለቀለቅ ለዓመታት ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀመጥ ጨርቅ ግን ያሳስበኛል።

አሁን ወደ ነጩ ጨርቅ። የለቀቀ ቀለም በሁለት መንገድ ይበክለዋል። አንደኛው በውሃው በኩል ነው። ቀለሙ በፋይበሩና በውሃው መካከል ይከፋፈላል፤ ውሃው ጥቂት ከሆነ ቶሎ ይጠግብና ያገኘው ነጭ ጥጥ ላይ ይሰፍራል፣ ብዙ ከሆነ እዚያው ተበትኖ ይቀራል። ሁለተኛው ይበልጥ አደገኛ ነው። እርጥብ ኩዊልት ተጣጥፎ ወይም ገመድ ላይ ሲደርቅ ውሃው ወደሚተንበት ዳር ይሳባል፣ የሟሟውን ቀለም አብሮ ይጎትታል፣ ውሃው ሲሄድ ቀለሙ እዚያ ይከማቻል። ስፌቱን ተከትሎ ወደ ነጩ የሚገባው ጥቁር ጠርዝ ያለው ነጠብጣብ የዚህ ውጤት ነው። ቀለም ሲለቅ ያየ ሰው ደንግጦ ኩዊልቱን አውጥቶ ማስጣቱ ነገሩን የሚያባብሰው ለዚህ ነው።

ስለዚህ የለቀቀ ኩዊልት እርጥብ እንዳለ ወደ ውሃ ይመለስ። መታጠቢያ ገንዳ ይሞላል፣ ውሃው 60 ዲግሪ ገደማ ይሁን፣ ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይግባበት፤ የሳሙናው ሥራ የወጣውን ቀለም ውሃው ውስጥ ማንሳፈፍ ነው። ኩዊልቱ ሙሉ በሙሉ መጥለቅ አለበት። ከውሃው በላይ ብቅ ያለ ጫፍ ካለ ቀለሙ ወደዚያ ይሳባል፣ ስለዚህ በነጭ ሳህኖች ይጫኑት። ለአሥራ ሁለት ሰዓት ያህል ይቆይ፣ ውሃው ይለወጥ፣ እስኪጠራም ይደገም። የደረቀ ነጠብጣብ አይወጣም የሚለው ወሬም ልክ አይደለም፤ ያ ቀለም ነጩ ላይም በመርፌ ቁልፍ ነው የተያዘው፣ ብዙውን ጊዜ በዚሁ ዘዴ ይለቃል። ሁለት ነገር ግን ይጠንቀቁ። የስፌቱን መስመር በሰማያዊ በሚታጠብ እስክሪብቶ ያሰመረ ሰው መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውሃ ያስለቅቀው፣ ሙቀት ሊያደርቀው ይችላልና። መሃሉ የሱፍ ባዘቶ ከሆነ ደግሞ በሙቅ ውሃ ውስጥ ማሸትና ማገላበጥ ያጠፈጥፈዋል።

ጨርቁን ከመቁረጥ በፊት ማጠብ ይገባል ወይ በሚለው ግን እኛ የሙያው ሰዎችም ኩዊልት ሰፊዎችም አንስማማም። ያልታጠበ ጨርቅ የፋብሪካ ስታርች ስላለው ቀጥ ብሎ ይቆረጣል፤ ተቆርጠው የሚሸጡ ትናንሽ ቁራጮች ደግሞ ቢታጠቡ ጠርዛቸው ይተረተራል። ክርክሩ ተገቢ ነው። እኔ የምይዘው ቀይን፣ ጥቁርን፣ ጥልቅ ሰማያዊንና በእጅ የተነከረ ባቲክን ቀድሞ ማጠብን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ይህ ይበልጥ ያዋጣል፤ አንድን ቀይ ጨርቅ ብቻውን በባልዲ ማጥራት ይቻላል፣ ያለቀ ኩዊልትን ግን አይቻልም። ለጥለት ቁራጭም ያው ነው። የቀለም ማሰሪያ እየተባሉ የሚሸጡ ፈሳሾችንም ሐሰት ናቸው አልልም፤ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያላቸው ትልልቅ ሞለኪውሎች ናቸው፣ ነጌቲቩን ቀለም ይይዛሉ፣ ፋብሪካዎችም ይጠቀሙባቸዋል። ነገር ግን አንዳንዱን ቀለም ፀሐይ ቶሎ እንድታደበዝዘው ያደርጋሉ። ከልብስ ጋር ማጠቢያ ማሽን ውስጥ የሚገቡት ቀለም ያዥ ወረቀቶችም በዚሁ መንገድ ይሠራሉ፤ ውሃ ውስጥ ያለውን ይይዛሉ እንጂ ከቀዩ ቁራጭ ጎን ለጎን ወደተሰፋው ነጭ የሚሻገረውን አይደርሱበትም።

ጨርቅ ቀለም ይለቅ እንደሆነ መፈተኑ ቀላል ነው። አምስት ሳንቲ ሜትር በአምስት የሚሆን ቁራጭ ይቁረጡ፣ ጥርት ባለ ብርጭቆ ውስጥ በሙቅ ውሃና በአንዲት ጠብታ ሳሙና ለግማሽ ሰዓት ይዘፍዝፉት። ከብርጭቆው ጀርባ ነጭ ወረቀት ቢያቆሙ በዓይን የማይለይ የመሰለው ሮዝ ይታያል። ከዚያ ቁራጩን ሳይጨምቁ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ላይ አስተኝተው እዚያው እስኪደርቅ ይተዉት። ሲያነሱት ዙሪያው ላይ ቀለበት ካለ ጨርቁ ገና አልጠራም። ከሁለቱ ፈተናዎች ይህኛውን ይመኑ፤ ውሃውን ያቀለመ ሁሉ ነጩን አይበክልምና።

የማይለቅ ቀይ ድሮም ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካውያን ቀይና ነጭ ኩዊልት በብዛት የሰፉት ተርኪ ሬድ የተባለውን ጨርቅ ስለሚያምኑ ነበር። ከማደር ተክል ሥር የሚገኘው አሊዛሪን በዘይትና በአልሙኒየም ጨው ተደግፎ ፋይበሩ ውስጥ ውሃ የማያሟሟው ውህድ ይሆናል። ግሬበና ሊበርማን በ1868 አሊዛሪንን በቤተ ሙከራ ከሠሩ በኋላም ጨርቁ ያው አስተማማኝ ሆኖ ቀጠለ። በ2011 ኒው ዮርክ ውስጥ በፓርክ አቨኑ አርሞሪ 651 ቀይና ነጭ ኩዊልቶች ባንድ ላይ ታይተዋል። በአላባማ የጊስ ቤንድ ሴቶች ደግሞ ካረጀ የሥራ ልብስ ሰፉ፤ ሚዙሪ ፔትዌይ በ1942 የሰፋችው የባሏ የሥራ ልብስ ነበር። በዓመታት እጥበት ትርፉን የጨረሰ ጨርቅ ጎረቤቱን አይበክልም። ጂንስ ብቻ ይለያል፤ ኢንዲጎ ውሃ ውስጥ አይሟሟም፣ ቅንጣቱ በፍትጊያ ነው የሚለቅቀው፣ ስለዚህ ሙቅ ውሃ ብቻውን አይጨርሰውም።

በመጨረሻ ነጩን ለማዳን ብሎ በረኪና የሚያነሳ አለ። በረኪና ነጩ ላይ የወደቀውን ቀይ ከቀዩ ቁራጭ ቀይ አይለይም፣ ሁለቱንም ይሰብራል፣ የስፌቱን የጥጥ ክርም ያሳሳል። ኩዊልቱ ገና እርጥብ ከሆነ ገንዳው በሙቅ ውሃ ይሞላ።