ለአንድ ኮምፒዩተር ሁለት ሞኒተር

በዚህ እትም የምናቀርብላችሁ ጽሑፍ አንድን ኮምፒዩተር ከሁለት ሞኒተር ጋር አገናኝቶ ስለ መሥራት ነው። «አንዱንስ መች አገኘንና ነው ሁለት የምትሉን?» የሚለን ሰው አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ሆኖም እስከ መጨረሻው ብታነቡት ጉዳዩ የቅንጦት ሳይሆን የፋይላችሁ ጉዳይ መሆኑን ትረዳላችሁ ብለን እናምናለን።

ነገሩ እንዴት ተነሣ?

ከናይሮቢ መሐል ከተማ በስተ ደቡብ፣ በዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያና በሞምባሳ መንገድ መካከል ያለውን ሳውዝ ሲ የተባለ ሰፈር ከእናንተ መካከል የሚያውቀው ይኖራል። የኬንያ ቀይ መስቀል ማኅበር ዋና መሥሪያ ቤት የሚገኘው እዚሁ ሰፈር ነው። እኛም በሳውዝ ሲ በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ የወገኖቻችንን ወረቀት ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የመተርጎምና ቅጽ የመሙላት ሥራ እንሠራ ነበር። የነበረን አንድ ኮምፒዩተርና አንድ ሞኒተር ብቻ ነው። ስለዚህ የአማርኛውን ወረቀት ከፍተን እናያለን፤ ከዚያ እሱን ጋርደን ቅጹን እንከፍታለን፤ በቃል የያዝነውን እንጽፋለን፤ እንደገና ወደ ወረቀቱ እንመለሳለን። በቀን ሃያና ሠላሳ ጊዜ እንዲህ ሲመላለሱ መሳሳት የማይቀር ነው።

አንድ ቀን አንዲት እናት የልጃቸውን የልደት ወረቀት ይዘው መጡ። ወረቀቱ «ጥር 1 ቀን 2003 ዓ.ም.» ይላል። ይህ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2011 ነው። እኛ ግን ወሩንና ቀኑን በትክክል ቀይረን ዓመቱን ሳንቀይር 2003 ብለን ጻፍን። ልጁ በእኛ እጅ በአንድ ደቂቃ ውስጥ 8 ዓመት አረጀ። ይህ እንደ ቀላል የሚታይ ስሕተት አይደለም። በወረቀት ላይ 18 ዓመት ያለፈው ልጅ ራሱን እንደ ቻለ ሰው ተቆጥሮ ጉዳዩ ከእናቱ ጉዳይ ተለይቶ ሊታይ ይችላል። ስሕተቱን ያገኙትም እኛ ሳንሆን እናቲቱ ናቸው፤ ያውም ቅጹ ከተላከ በኋላ። ለማረም ሌላ ደብዳቤ፣ ሌላ ቀጠሮና ብዙ የጭንቀት ሌሊት አስፈለገ። ጥፋቱ የእኛ ነበር።

ከዚያ በኋላ ነው ጥግ ላይ አቧራ ለብሶ የቆየውን አሮጌ ሞኒተር አንሥተን ከኮምፒዩተሩ ጋር ያገናኘነው።

ሁለተኛው ሞኒተር ምን ይጠቅማል?

በግራ በኩል የአማርኛው ወረቀት፣ በቀኝ በኩል የእንግሊዝኛው ቅጽ ጎን ለጎን ይታያል። በቃል የሚያዝ ቁጥር የለም። ከዚህም በላይ ባለጉዳዩ አጠገባችን ተቀምጦ ስሙና የአባቱ ስም እንዴት እንደ ተጻፈ በዓይኑ ያያል። የራሱን ስም ከእሱ የበለጠ ማን ያርመዋል?

ይህ አሠራር አዲስ አይደለም። ዊንዶውስ ለተባለው ፕሮግራም የመጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ዊንዶውስ 98 ሲወጣ ነው። ዛሬ አብዛኛው ኮምፒዩተር፣ ያገለገለውም ጭምር፣ ይህን ለማድረግ ይችላል።

መጀመሪያ መሰኪያዎቹን ተመልከቱ

ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የኮምፒዩተሩን ጀርባ (ላፕቶፕ ከሆነ ጎኑን) እዩ። የምታገኟቸው መሰኪያዎች እነዚህ ናቸው፦

ቪጂኤ፦ በሦስት ረድፍ 15 ቀዳዳዎች ያሉት፣ በሁለት ብሎን የሚታሰር። ከ1987 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረ ነው።
ዲቪአይ፦ ከቪጂኤ ሰፋ ያለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ፣ በአንድ ጎኑ ጠፍጣፋ ስንጥቅ ያለው።
ኤችዲኤምአይ፦ ጠፍጣፋ፣ የታችኛው ሁለት ማዕዘኑ የጠበበ። በቴሌቪዥን ላይ ያለው ይኸው ነው።
ዲስፕሌይ ፖርት፦ ኤችዲኤምአይን ይመስላል፤ የተቆረጠው ግን አንድ ማዕዘኑ ብቻ ነው።
ዩኤስቢ ሲ፦ ትንሽ ሞላላ። ሁሉም ምስል አያስተላልፍምና ከመግዛታችሁ በፊት ሞክሩት።

ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ላይ ሁለት የምስል መሰኪያ ካለ ሁለት ሞኒተር ለማገናኘት ብዙ ጊዜ ሌላ ዕቃ አያስፈልግም። ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ የራሱ ስክሪን አንድ ስለሆነ አንድ ሞኒተር ብቻ መጨመር ይበቃል። ዴስክቶፑ ተጨማሪ የግራፊክስ ካርድ ከተገጠመለት ሁለቱንም ኬብሎች ካርዱ ላይ ሰኩ። ካርድ ሲኖር በዋናው ቦርድ ላይ ያሉት መሰኪያዎች ብዙ ጊዜ አይሠሩም።

አገጣጠሙ

1ኛ/ ኮምፒዩተሩንም ሞኒተሮቹንም አጥፉ።
2ኛ/ ኬብሉን ሰኩ። ብሎን ካለው በእጅ ብቻ አጥብቁ። አልገባ ካለ አታስገድዱት፤ ወይ ተገልብጧል ወይ ቦታው አይደለም።
3ኛ/ ሞኒተሮቹን አስቀድማችሁ፣ ኮምፒዩተሩን አስከትላችሁ አብሩ።
4ኛ/ ሁለተኛው ሞኒተር ጨለማ ከሆነ በራሱ ላይ ባለው ቁልፍ የምስል መግቢያውን ምረጡ። ቪጂኤ ሰክታችሁ ኤችዲኤምአይ የሚጠብቅ ሞኒተር ምንም አያሳይም።
5ኛ/ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ይዛችሁ «ፒ» የምትለዋን ፊደል ተጫኑ። ይህ ከዊንዶውስ 7 ጀምሮ ይሠራል። አራት ምርጫ ይመጣል። «ዱፕሊኬት» ሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት ምስል ያሳያል፤ «ኤክስቴንድ» ሁለቱን እንደ አንድ ሰፊ ጠረጴዛ ያደርጋቸዋል። የቀሩት ሁለቱ በአንዱ ሞኒተር ብቻ ለመሥራት ናቸው።
6ኛ/ ለትርጉም «ኤክስቴንድ»ን ምረጡ። ማውሱ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ የሚወጣ ከሆነ «ዲስፕሌይ ሴቲንግስ» ውስጥ ገብታችሁ 1 እና 2 የሚሉትን ሣጥኖች ሞኒተሮቹ ጠረጴዛው ላይ በተቀመጡበት አኳኋን አስቀምጡ።

ገበያ ላይ እንዳትሳሳቱ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ስፕሊተር በተባለው ዕቃ ነው። አንዱን ኤችዲኤምአይ ለሁለት ስለሚከፍል ሁለት ሞኒተር ያበራል፤ ሁለቱም ላይ የሚታየው ግን አንድ ዓይነት ምስል ነው። ለእኛ ሥራ አይረዳም። ሁለተኛው ስሕተት የመለወጫ አቅጣጫ ነው። ከኮምፒዩተር ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተር ቪጂኤ የሚለውጠው መሣሪያ በተቃራኒው አይሠራም። ስለዚህ ለሻጩ የኮምፒዩተሩንም የሞኒተሩንም መሰኪያ ፎቶ አንሥታችሁ አሳዩት። በናይሮቢ ያለ ዘመድ እንዲገዛላችሁ ስትልኩም ፎቶውን አብራችሁ ላኩ። ከካምፕ ወጥቶ ዕቃ ለመመለስ ቀላል አለመሆኑን ታውቃላችሁ።

ስለ መብራት

በኬንያ የመብራቱ ኃይል 240 ቮልት ነው፤ ስፒናው ሦስት አራት ማዕዘን እግር ያለውና በውስጡ ፊውዝ የያዘ ነው። ባለ ሁለት ክብ እግር ስፒና ያለው ሞኒተር ብታገኙ የሶኬቱን የላይኛ ቀዳዳ በስክሪፕቶ እየከፈቱ መሰካት አደገኛ ነው። የሞኒተሩን ገመድ ባለ ሦስት እግር በሆነው ቀይሩት።

በሶላርና በባትሪ የምትሠሩ ደግሞ ሒሳቡን አስቀድማችሁ ሥሩ። 12 ቮልት፣ 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የእርሳስ ባትሪ 1200 ዋት ሰዓት ይይዛል። ባትሪው እንዳይጎዳ ግማሹን ብቻ ብንጠቀምና ኢንቨርተሩ የሚያባክነውን 15 በመቶ ያህል ብንቀንስ 510 ይቀራል። 40 ዋት የሚወስድ ላፕቶፕ ብቻውን 12 ሰዓት ተኩል ያህል ይሠራል። 25 ዋት የሚወስድ ጠፍጣፋ ሞኒተር ሲጨመርበት ወደ 8 ሰዓት ግድም ይወርዳል። 80 ዋት የሚወስድ ባለ ትልቅ ሆድ አሮጌ ሞኒተር ከሆነ ግን 4 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። በነፃ ቢሰጣችሁም እንኳ ይህን አስቡ።

ቀን ስትቀይሩ

ዓመት ስትቀይሩ ከመስከረም 1 ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ 21 ድረስ 7 ይደመራል፤ ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ይደመራል። ታኅሣሥ 22 እንደ ዓመቱ ስለሚለያይ ካሌንደር ተመልከቱ። ለምሳሌ መስከረም 20 ቀን 2003 ዓ.ም. ሴፕቴምበር 30 ቀን 2010 ሲሆን፣ የዚያው ዓመት ጥር 1 ግን ጃንዋሪ 9 ቀን 2011 ነው። እኛ አሁን የቀን መለወጫውን ሰንጠረዥ በግራው ሞኒተር ላይ ከወረቀቱ ሥር ከፍተን እናስቀምጣለን።

ምስጢር መጠበቅ

ሁለተኛው ሞኒተር ወደ ባለጉዳዩ የዞረ እንደ ሆነ የቀዳሚው ሰው ወረቀት ተከፍቶ እንዳይቆይ እጅግ ተጠንቀቁ። የሰው የስደት ታሪክ የጎረቤት ወሬ መሆን የለበትም። አንዱ ሲወጣ ሁሉንም ዝጉ፤ ከዚያ በኋላ ቀጣዩን ጥሩ። ባለጉዳዩ ቅጹን ሲያነብ «ዱፕሊኬት»ን ብትመርጡ እናንተ የምታዩትንና እሱ የሚያየውን አንድ ስለሚያደርገው የማይገባ ነገር አይወጣም።

በመጨረሻም ኮምፒዩተር የሌላችሁ አንባቢዎቻችን ይህን ያዙልን። ቅጽ የሚሞላላችሁ ማንም ይሁን ማን፣ ባለ አንድ ሞኒተርም ይሁን ባለ ሁለት፣ «እባክህ ስክሪኑን ወደ እኔ አዙርልኝ» ለማለት አትፈሩ። ስማችሁን፣ የልጆቻችሁን ስምና የተወለዱበትን ዓመት በዓይናችሁ ሳታዩ አትፈርሙ። ማንበብ የማይችሉ አባቶችና እናቶች ከጎናቸው የሚያነብላቸው የሚያምኑት ሰው ይዘው ይምጡ። ያቺ እናት ከፊርማቸው በፊት ስክሪኑን ቢያዩት ኖሮ ያ ሁሉ ደብዳቤና ቀጠሮ ባላስፈለገ ነበር።

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።