ግድግዳ መሆኑን የሚያውቅ ግድግዳ

ስሙኝማ! ሰሞኑን አንድ ነገር ገብቶኝ ደስታው እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ለእናንተ ካልነገርኩ ደግሞ ጭራሽ አይወጣልኝም።

የእህቴ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የኮንስትራክሽን ተማሪ ናት። ባለፈው እሑድ ቤቴ መጥታ፣ ቡናው እስኪፈላ ላፕቶፗን ከፍታ የክፍል ሥራዋን ትሠራለች፤ እኔም አጠገቧ ቁጭ ብያለሁ። ስክሪኑ ላይ አንዲት ክፍል አለች፦ አራት ግድግዳ፣ አንድ በር፣ አንድ መስኮት። «ጋሼ፣ ይኸውልህ፣ በሩን ላሰፋው ነው» አለችና 90 ሴንቲ ሜትር የነበረውን 120 አደረገችው። በሩ ሰፋ። እዚህ ድረስ የሚደንቅ ነገር የለም። ቀጥላ ግን በጣቷ ወደ ስክሪኑ ጥግ አመለከተችኝ። እዚያ የበሮች ዝርዝር አለ። ማንም ሳይነካው 90 የነበረው ቁጥር 120 ሆኗል! ፕላኑ ላይ በሩ ሰፍቷል፤ ከውጭ በሚታየው ኤሌቬሽን ላይ ሰፍቷል፤ ቤቱ ለሁለት ተሰንጥቆ በሚታይበት ሰክሽን ላይም ሰፍቷል፤ የግንቡ ካሬ ደግሞ በዚያው ልክ ቀንሷል።

«ሌሎቹን ማን ቀየራቸው?» አልኳት።

«ሌሎች የሉም እኮ ጋሼ። በሩ አንድ ነው።»

እዚህችው ቃል ላይ ትንሽ ልቆይ፤ እኔ የበራልኝ እዚህ ጋ ነውና።

እስቲ በወረቀት የሚሠራውን ፕላን አስቡት። ወረቀቱ ላይ ግድግዳ የምንለው ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮችን ነው። መስመሩ ግድግዳ መሆኑን አያውቅም። ግድግዳነቱ ያለው በሣለው ሰውና በሚያነበው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ነው። ኮምፒውተር መጥቶ በኦቶካድ መሣል ሲጀመር መስመሩ ጠራ፣ ሥራው ፈጠነ፣ ማጥፋትም ቀለለ፤ ያም ሆኖ መስመር መስመር ነው። ስለዚህ ያው አንድ በር ፕላኑ ላይ ይሣላል፣ ኤሌቬሽኑ ላይ እንደገና፣ ሰክሽኑ ላይ እንደገና፤ በመጨረሻም ዋጋ የሚያወጣው ሰው በጣቱ ቆጥሮ ዝርዝሩ ላይ ይጽፈዋል። አንድ በር አራት ጊዜ ተነገረ ማለት ነው። ባለቤቱ መጥቶ «በሩ ይስፋልኝ» ሲል አራቱም ቦታ መታረም አለበት። ሦስቱ ታርመው አንዱ ቢረሳስ? የተረሳችው ወረቀት የደረሰችው የብረት ሠራተኛ ጠባቡን በር ሠርቶ ከች ይላል።

ሠርግ ደግሳችሁ ታውቁ የለ? እንጀራ የምታስጋግረው አክስት የራሷ ደብተር አላት። ድንኳንና ወንበር የሚከራየው የራሱ አለው፤ በሬ የሚገዛው የራሱ፤ ካርድ የሚያድለውም የራሱ። የሙሽራው ወገን «50 ሰው ጨምረናል» ብሎ ለባለ ካርዱ ይነግረዋል። ባለ ካርዱ ለወንበሩ ሰው ይነግርና አክስቲቱን ይረሳታል። በዕለቱ ወንበሩ ሞልቶ እንጀራው ያልቃል። አሁን ደግሞ ሁሉም የሚጽፉበት፣ ሁሉም የሚያዩት አንድ ደብተር ብቻ አለ እንበል፤ እዚያ ላይ እንግዳ ሲጨመር እንጀራውም ወንበሩም ሥጋውም አብሮ ይጨምራል። የእህቴ ልጅ ስክሪን ላይ ያለው እንዲህ ያለ ደብተር ነው። ደግሞ ደብተሩ ራሱ የቤት ቅርጽ አለው! ትዞሩታላችሁ፣ ትገቡበታላችሁ፣ ጣሪያውን አንሥታችሁ ታዩታላችሁ።

ነገሩ ቢልዲንግ ኢንፎርሜሽን ሞዴሊንግ ይባላል፤ ሲያጥር ቢም። (ሳይት ላይ ሌላ ቢም እንዳለን ታውቃላችሁ፤ ከኮለን ኮለን የሚጋደመው አርማታ። ሁለቱ ቢሞች ወደ በኋላ ይገናኛሉ፤ ለጊዜው እኔ የኮምፒውተሩን ሞዴል እያልኩ እቀጥላለሁ።)

ሞዴል ላይ ግድግዳ ስትሠሩ «አንተ ግድግዳ ነህ፤ 20 ሴንቲ ሜትር ብሎኬት፣ በሁለቱም በኩል ልስን፣ ርዝመትህ 6 ሜትር፣ ቁመትህ 3» ትሉታላችሁ። እሱም ይይዘዋል። በር ስታስገቡበት ራሱ ይበሳላችኋል። እስቲ ስንት ብሎኬት እንደሚበላ አብረን እናስላ። 6 በ3፣ 18 ካሬ። 90 በ210 የሆነው በር ሲቀነስ 16.11 ካሬ ይቀራል። ፊቱ 40 በ20 የሆነ ብሎኬት ለአንድ ካሬ 12 ተኩል ይገባል፤ ስለዚህ 201 ገደማ። በሩ 120 ሲሆንስ? 15.48 ካሬ፣ 194 ገደማ። ለአንድ በር ልዩነቱ 8 እንኳን አይሞላም። 12 ፎቅ ያለው፣ በየፎቁ 20 በር ያለው ሕንፃ ላይ ግን 1,890 ብሎኬት ይሆናል! ይህን ሁሉ በእጅ እንደገና የሚያሰላ ሰው ስንት ቀን እንደሚፈጅበት አስቡት። ሞዴሉ ላይ በሩን አስፍታችሁ እጃችሁን ከማንሣታችሁ አልቋል።

ሐሳቡ ደግሞ የትናንት እንዳይመስላችሁ። ቻርለስ ኢስትማን የሚባል አሜሪካዊ ምሁር፣ ፒትስበርግ በሚገኘው ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1975 ይህንኑ ጽፎት ነበር፦ ሕንፃው አንድ ጊዜ ኮምፒውተር ውስጥ ይገለጽ፣ ሥዕሎቹ ሁሉ ከዚያ ይውጡ፣ ለውጥም አንድ ቦታ ብቻ ይደረግ። ልብ በሉ፣ በየቤቱ ኮምፒውተር ባልነበረበት ዘመን ነው! ከዚያ በ1980ዎቹ ግራፊሶፍት የተባለ የሃንጋሪ ድርጅት አርኪካድ የተባለውን ፕሮግራም ይዞ መጣ፤ በ2000 ሬቪት ተከተለ። የእህቴ ልጅ የምትሠራው በሬቪት ነው፤ ተማሪ መሆኗን አረጋግጣ በነፃ ነው ያገኘችው።

አሁን ወደ ትምህርቱ ልምጣ፤ ከሁሉ ያስገረመኝ እሱ ነው።

እኔ የመሰለኝ መምህሩ «ይህን ተጫኑ፣ ያንን ጎትቱ» እያሉ የሚያስተምሩ ነበር። እንዲህ የሚያስተምሩም አሉ፤ ልጆቹ በአጭር ጊዜ የሚያምር ሥዕል ማውጣት ይችላሉ። ችግሩ ፕሮግራሙ ሲመጣ የራሱን ግድግዳዎች ይዞ መምጣቱ ነው። ከመካከላቸው ውጩ ጡብ፣ ውስጡ ቀጫጭን የብረት ቋሚ፣ መሃሉ ብርድ መከላከያ የሆነ የሰሜን አሜሪካ ግድግዳ አለ። መጫን ብቻ የተማረ ልጅ ያንን አንሥቶ አዲስ አበባ ላይ ያቆመዋል። ስክሪኑ ላይ ያምራል። ዝርዝሩ ሲወጣ ግን የእኛ ግንበኛ የማያውቀው ግድግዳ በካሬ ተቆጥሮ ቁጭ ይላል።

የእህቴ ልጅ መምህር በመጀመሪያው ሳምንት ላፕቶፕ አላስከፈቱም። ሜትር አስይዘው የሚማሩበትን ክፍል ራሱን አስለኩት። ግድግዳው ስንት ሆነ? 24 ሴንቲ ሜትር። ብሎኬት 20 አይደል እንዴ? 4ቱ ከየት መጣ? ልጆቹ ተያዩ። ከዚያ አንዷ የተላጠ ጥግ አገኘችና ጮኸች፦ ልስን ነው! ከዚህ በኩል 2፣ ከዚያ በኩል 2። በሁለተኛው ሳምንት ያችኑ ክፍል ኮምፒውተር ላይ ሠሯት፦ ልስን፣ ብሎኬት፣ ልስን።

ይህን ስትነግረኝ ብልጭ ያለልኝ ነገር አለ። ወረቀት ላይ አለማወቅን መደበቅ ይቻላል፤ ሁለት መስመር አስምራችሁ ውስጡ ምን እንዳለ ሳታውቁ ማለፍ ትችላላችሁ። ሞዴሉ ግን ይጠይቃል። ከምን የተሠራ ነው? ከየት ይነሣል? ከሶሌታው ሥር ይቆማል ወይስ አልፎ ይሄዳል? ካልመለሳችሁለት የራሱን መልስ ያስገባል፤ የሰሜን አሜሪካው ግድግዳ የሚመጣው በዚያ በር ነው። ስለዚህ የመምህሩ ዋና ሥራ ተማሪው ጥያቄውን እንዲሰማ ጆሮውን መክፈት ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ሳይት ያልረገጠ ተማሪ ሬቪት ቢያውቅም ጥያቄው አይሰማውም።

ሁለቱ ቢሞች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደረስን። ሰፈሬ ውስጥ አንድ ሕንፃ ሲሠራ፣ ቢሙ ተሞልቶ ከደረቀ በኋላ የመጸዳጃ ቤቱ ቧንቧ በዚያው በኩል ማለፍ እንዳለበት ተገኘ። ሠራተኞቹ በመዶሻና በመሮ ቢሙን ሲፈለፍሉ ድምፁ ሁለት ቀን ሙሉ ቤቴ ድረስ ይሰማኝ ነበር። ቢም ሲፈለፈል፣ ውስጡ ያለው ፌሮ ሲቆረጥ፣ ጉልበቱን ያጣል፤ ከላይ ደግሞ ሰው ሊኖርበት ነው። ይህን ሳስበው እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ስትራክቸራል መሐንዲሱ በራሱ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ሳኒተሪ መሐንዲሱም በራሱ ወረቀት ላይ ልክ ነው። ሁለቱ ወረቀቶች ግን ተደራርበው አልታዩም።

እነ የእህቴ ልጅ በዚህ መንፈቅ አራት አራት ሆነው ተቧድነዋል። አንዱ አርክቴክት ይሆናል፣ ሁለተኛው ኮለንና ቢሙን ይይዛል፣ ሦስተኛዋ ቧንቧውን፣ አራተኛው የአየር ማስተላለፊያውንና መብራቱን። እያንዳንዳቸው ለየብቻ ሞዴላቸውን ይሠሩና አንዱን በሌላው ላይ ይደርቡታል። ፕሮግራሙ ሕንፃውን ያስሰውና ሁለት ነገር አንድ ቦታ የያዘበትን ሁሉ ለቅሞ በቀይ ያሳያል። ቧንቧው ቢም ውስጥ ገብቷል፣ ቀይ! የአየር ማስተላለፊያው ኮለን ሰንጥቆ አልፏል፣ ቀይ! አንድ ብሎኬት ሳይቀመጥ፣ አንድ መዶሻ ሳይነሣ!

ግን ፕሮግራሙ ቀይ ያደርጋል እንጂ አይፈርድም። ማን ይንቀሳቀስ? እዚህ ላይ ልጆቹ ፊት ለፊት ተቀመጡ። የቢሙ ልጅ፦ «እኔ ቤቱን ተሸክሜያለሁ፣ ንቅንቅ አልልም» አለ። የቧንቧዋ ልጅ፦ «ፍሳሽ እኮ የሚሄደው በቁልቁለት ብቻ ነው፤ በየሜትሩ ዝቅ ማለት አለበት፤ ወደ ላይ ከፍ ላድርገው ብል ይቆማል» አለች። የአየር ማስተላለፊያው ልጅ ሳጥኑን ጠፍጠፍ ሊያደርገው እንደሚችል አሰበ። በግፊት የሚሄደው የንጹሕ ውኃ ቧንቧ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይታጠፋል። የመብራት ሽቦማ የትም ይሾልካል። አርክቴክቱ ኮርኒሱን 15 ሴንቲ ሜትር ዝቅ ሊያደርግ ይችላል፤ ግን የክፍሉ ቁመት ያንሳል። ሲከራከሩ አመሹና አንድ ቅደም ተከተል ከመካከላቸው በቀለ፦ ተሸካሚው አይነካም፣ ከዚያ ቁልቁለት የሚፈልገው መንገዱን ይያዝ፣ ከዚያ ትልቁ ሳጥን፣ ከዚያ በግፊት የሚሄደው፣ ሽቦ በመጨረሻ። ልምድ ያላቸው መሐንዲሶችም የሚሄዱት በዚሁ መንገድ ነው። ልጆቹ ግን ማንም ሳይነግራቸው፣ ውኃ ወደ ላይ ስለማይፈስ ብቻ፣ ደረሱበት! ይህን ስሰማ ከወንበሬ ተነሣሁ።

አሜሪካ ውስጥ ፔን ስቴት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ እንዲህ ያለ ስቱዲዮ ከፍቶ አስተምሯል፤ እዚያ አንድ ቡድን ውስጥ አርክቴክቸር፣ የመልክዓ ምድር ንድፍ፣ ስትራክቸር፣ መካኒካል፣ መብራትና ኤሌክትሪክ እንዲሁም ግንባታ የሚያጠኑ ተማሪዎች አንድ ሕንፃ ላይ አብረው ይሠራሉ። በብዙ ቦታ እነዚህ ልጆች አንድ ካፌ ይበላሉ እንጂ እስኪመረቁ አንድ ሕንፃ ላይ አይገናኙም። ተመርቀው ሲወጡ ግን በማግስቱ አንድ ሳይት ላይ ይገናኛሉ። ታዲያ ቢሙ መፈልፈል የጀመረው መቼ ነው?

ዩኒቨርሲቲዎች የሞዴልን ትምህርት እንዴት እናስገባው ብለው ይከራከራሉ። የእንግሊዝ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2011 አሳውቆ ከ2016 ጀምሮ ማዕከላዊ መንግሥቱ የሚያሠራቸው ሕንፃዎች በሞዴል እንዲሠሩ ሲያዝ ጥያቄው ይበልጥ አጣዳፊ ሆነ። አንድ ራሱን የቻለ ኮርስ ይሁን ወይስ በየኮርሱ ይግባ? እኔ ብጠየቅ በየኮርሱ ይግባ እላለሁ። ልስኑን በግንባታ ዕቃዎች ትምህርት፣ ቢሙን በስትራክቸር፣ ብሎኬት ቆጠራውን በዋጋ ትምህርት፣ ያው አንዱ ሞዴል አብሯቸው ከዓመት ዓመት እያደገ ቢሄድ ብላችሁ አስቡት። አንዱ በሬቪት ሌላው በአርኪካድ ቢሠራም አይቸግርም፤ አይ ኤፍ ሲ የሚባል የጋራ ፋይል አለ፣ ከ2013 ጀምሮ ዓለም አቀፍ ስታንዳርድ የሆነ፤ በጣሳና በቁና የሚሰፍሩትን ነጋዴዎች ኪሎ እንደሚያስማማቸው ያስማማቸዋል።

ገና የሚመጣም አለ። በሚቀጥለው ወር እነ የእህቴ ልጅ በእያንዳንዱ ኮለንና ሶሌታ ላይ የሚሠራበትን ቀን ይለጥፋሉ። ከዚያ አንድ ቁልፍ ሲጫኑ ሕንፃው ከመሠረቱ ተነሥቶ ቀን በቀን ያድጋል። አንዱ ቡድን ቀድሞ ሲሞክረው የሦስተኛው ፎቅ ሶሌታ ከኮለኖቹ በፊት አየር ላይ ተንሳፍፎ ታየ አሉ! ፕሮግራሙን ማንበብ የማይችል ሰው እንኳን ያንን አይቶ «ይሄ በምን ቆመ?» ይላል።

የእህቴ ልጅ እሑድ ትመለሳለች። ከመጸዳጃ ቤቱ የሚወጣ አንድ የፍሳሽ ቧንቧ አሁንም ቀይ ነው፤ በየት በኩል እንደሚያልፍ አልተስማሙም። ቡናው በሦስት ሰዓት ይፈላል። ከእናንተ መካከል ቤት እያሠራ ያለው ሰው ፕላኑን ይዞ ይምጣ፤ ሳኒተሪውንና ስትራክቸራሉን፣ ሁለቱንም።