የዶሮ ውስጥ እግር እባጭ

የኬንያ ዋና ከተማ ናይሮቢ ከምድር ወገብ በስተ ደቡብ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የምትገኝ ሰፊ ከተማ ናት። ከረጃጅም ፎቆቿና ከአውራ ጎዳናዎቿ ጀርባ፣ በዳጎሬቲ፣ በካዋንግዋሬ፣ በኢስሊና በኤምባካሲ በሚገኙ ግቢዎች ውስጥ ዶሮ የሚያረቡ ቤተሰቦች አሉ። የከተማው አስተዳደርም እ.ኤ.አ. በ2015 የከተማ ግብርናን የሚያበረታታና ሥርዓት የሚያስይዝ ሕግ አውጥቷል። ኬንያውያን የአገራቸውን ዶሮ በስዋሂሊ ቋንቋ «ኪዬንዬጂ» ይሉታል። ትርጉሙ የአገሬው ማለት ሲሆን፣ እኛ «የሐበሻ ዶሮ» ከምንለው ጋር ይመሳሰላል። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩበት በኢስሊ ሠፈር ለፋሲካና ለእንቁጣጣሽ ወጥ የሚፈለገውም ይኸው ዶሮ ነው።

በጓሮው ጥቂት ዶሮዎች ለሚያረባ ቤተሰብ አንዲት እንቁላል ጣይ ዶሮ ቀላል ሀብት አይደለችም። እንቁላሏ ለልጆች ምግብ፣ ሲሸጥም ለደብተርና ለእርሳስ መግዣ ይሆናል። ስለዚህ ዶሮዪቱ አንድ ቀን ጧት እያነከሰች ከቆጥ ስትወርድ የቤቱ ሰው ይጨነቃል። በዚህ ጭንቀት ውስጥ ሁለት ስሕተቶች ይፈጸማሉ። አንደኛው ምላጭ አንሥቶ እብጠቱን መቅደድ ነው። ሁለተኛው ከመድኃኒት መደብር የተገኘውን ማናቸውንም መድኃኒት በውሃ በጥብጦ ማጠጣት ነው። የሁለቱም ምንጭ አንድ ነው፤ እግሩ ለምን እንዳበጠ ሳይመረመር ወደ ሕክምና መቸኮል።

የዶሮ እግር አብዛኛውን ጊዜ አራት ጣቶች አሉት፤ ሦስቱ ወደ ፊት፣ አንዱ ወደ ኋላ ይዘረጋሉ። ጣቶቹ በሚገናኙበት ቦታ ሥር እንደ ትራስ የሚያገለግል ለስላሳ ክፍል ይገኛል። የዶሮዪቱ ክብደት በአብዛኛው የሚያርፈው በዚህ ውስጥ እግር ላይ ነው። ቀን ስትጭር ክብደቷ ከአንዱ እግር ወደ ሌላው ይዘዋወራል፤ ማታ ግን ቆጥ ላይ ወጥታ ሳትነቃነቅ ታድራለች። ናይሮቢ ለምድር ወገብ ቅርብ በመሆኗ ሌሊቱ ዓመቱን ሙሉ 12 ሰዓት ያህል ነው። ስለዚህ ቆጡ ሻካራ ወይም ጠርዙ ስለታም ከሆነ፣ ውስጥ እግሩ በየቀኑ ለግማሽ ቀን ያህል አንድ ቦታ ላይ ሲጫን ያድራል ማለት ነው።

ምርመራው ዶሮዪቱ በምትረጋጋበት በምሽት ሰዓት ቢደረግ ይሻላል። ክንፎቿን ሰብስቦ በብብት ሥር መያዝ፣ ከዚያም ሁለቱን እግሮች በብርሃን አጠገብ አስጠግቶ ማነጻጸር ያስፈልጋል። ጤነኛው እግር ለታመመው መለኪያ ነው። የታመመው በጣት ሲዳሰስ ይሞቃልን? እብጠቱ የት ላይ ነው፤ በውስጥ እግር፣ በጣት ወይስ በቋንጃ? በውስጥ እግሩ መካከል ጥቁር፣ ክብና የደረቀ ክዳን ከታየ፣ ዙሪያውም ቀልቶ ካበጠ፣ ሕመሙ የውስጥ እግር እባጭ ለመሆኑ ጥሩ ምልክት ነው።

ሆኖም ያበጠ ወይም የሚያነክስ እግር ሁሉ እባጭ አለበት ማለት አይደለም። በእግሩ ላይ ያለው ቅርፊት ተነሥቶ ከሻከረና ነጣ ያለ አቧራ መሰል ነገር ከሸፈነው፣ ከቅርፊቱ ሥር የሚኖሩ ጥቃቅን ተባዮች ያመጡት እከክ ሊሆን ይችላል። ዶሮዪቱ አንዱን እግር ወደ ፊት፣ ሌላውን ወደ ኋላ ዘርግታ መነሣት ካቃታት፣ ነርቭን የሚጎዳው የማሬክ በሽታ ይጠረጠራል። ቋንጃዋ በሁለቱም እግር ካበጠና በመንጋው ውስጥ ሌሎችም የሚያነክሱ ካሉ፣ በመገጣጠሚያ ውስጥ የገባ ተላላፊ በሽታ ሊኖር ስለሚችል ያለ ሐኪም ምንም ማድረግ አይገባም። ብዙ ጊዜ የሚረሳ ሌላም ምክንያት አለ፤ እርሱም ክር ነው። ልብስ በሚሰፋበትና ጨርቅ በሚሸጥበት ሠፈር የወደቀ ክር በጣት ላይ ተጠምጥሞ የደም ዝውውሩን ያግዳል። ጣቱም ከክሩ ወዲህ ጤነኛ፣ ከክሩ ወዲያ ያበጠ ሆኖ ይታያል። ክሩ ቶሎ በጥንቃቄ ከተቆረጠ ጣቱ ይድናል፤ ከዘገየ ደርቆ ይወድቃል።

የእባጩ ዋና አምጪ ስቴፍሎኮከስ ኦውረስ የተባለ ባክቴሪያ ነው። ስቴፍሎኮከስ የሚለውን ስም በ1880ዎቹ መጀመሪያ ያወጣለት የስኮትላንድ ሐኪም አሌክሳንደር ኦግስተን ሲሆን፣ በመግል ውስጥ በአጉሊ መነጽር ሲያየው እንደ ወይን ዘለላ ተሰብስቦ ስላገኘው ነው። ይህ ባክቴሪያ በጤነኛ ሰውና በጤነኛ ዶሮ ቆዳ ላይ ሳይቀር ይኖራል፤ ቆዳው ካልተቀደደ ግን አይጎዳም። በሩን የሚከፍቱለት እሾህ፣ ስንጥር፣ የጠርሙስ ስባሪ፣ ሻካራ ሲሚንቶና ሻካራ ቆጥ ናቸው። እርጥበትም ቆዳውን አለስልሶ ያግዘዋል። ናይሮቢ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ረጅሙን፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ደግሞ አጭሩን ዝናብ ታገኛለች። በካቤቴና በዳጎሬቲ በኩል መሬቱ ቀይ አፈር ሲሆን፣ በምሥራቅ በኤምባካሲ በኩል ግን ውሃ የሚቋጥር ዋልካ ነው። ዋልካው ከዶሮ ኩስ ጋር ተለውሶ በእግር ላይ ሲጣበቅ ምን እንደሚከተል መገመት አያዳግትም። ከባድ ዶሮ ከቀላሉ ይበልጥ ይጠቃል። ስለዚህ በናይቫሻ የምርምር ተቋም የተሻሻለውን ኪዬንዬጂ የመሰለ ሰውነቱ የገዘፈ ዝርያ የሚያረባ ሰው ለቆጡ ይበልጥ መጠንቀቅ አለበት። የቫይታሚን ኤ እጥረትም ቆዳን ያደክማል። ኬንያውያን «ሱኩማ ዊኪ» የሚሉት ጎመን ቅጠሉ ለዶሮ ቢጣል ይህን ጉድለት ለመሙላት ይረዳል።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ በመጀመሪያ ዶሮዪቱን ከመንጋው ለይቶ፣ ንጹሕና ደረቅ ጉዝጓዝ በተነጠፈበት ቦታ ማኖር ይገባል። ባክቴሪያው ሰውንም ስለሚያሳምም የሚያክመው ሰው ጓንት ያድርግ፤ ሲጨርስም እጁን በሳሙና ይታጠብ። እብጠቱ ትንሽ ሆኖ ቁስሉ ካልጠለቀ፣ እግሩን ለብ ባለ ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ለ10 ወይም ለ15 ደቂቃ መንከር፣ በንጹሕ ጨርቅ ማድረቅ፣ የቁስል አዮዲን መቀባትና በለስላሳ ፋሻ መጠቅለል ይበቃል። ፋሻው ጣቶቹን እንዳያፍን ላላ ማለት አለበት፤ በየቀኑም ይለወጣል። ይህ ሁሉ ሥራ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ አንዳንዱ እባጭ ለመዳን ሳምንታት ይፈጃል።

እብጠቱ ጠንክሮ ከተገኘ ነገሩ ሌላ ነው። የወፎች መግል እንደ ሰው መግል ፈሳሽ አይደለም፤ መግልን የሚያቀልጠው ኃይል በነጭ የደም ሴሎቻቸው ውስጥ ስለሚያንስ እንደ ደረቀ አይብ ይጠጥራል። ስለዚህ ቢጨመቅ አይወጣም፤ እንዲያውም ወደ ውስጥ ይገፋል። በምላጭ የሚቀድ ሰው ደግሞ የሚያገኘው መግል ብቻ አይደለም፤ ጅማትና የደም ሥርም ከዚያው ናቸው። ዶሮዪቱ ትታመማለች፣ ትደማለች፤ ባክቴሪያውም ወደ ደሟ ገብቶ ሊገድላት ይችላል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ለእንዲህ ያለው ነው። ይህን ቀዶ ሕክምና ማደንዘዣ ያለው የእንስሳት ሐኪም ብቻ ያከናውነው። የናይሮቢ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚሰጠው ከከተማዋ መሐል ወጣ ብሎ በካቤቴ ነው። በአገራችንም የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ በቢሾፍቱ ይገኛል።

ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒትን በሚመለከት አንድ ነገር ማስታወስ ይጠቅማል። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ እ.ኤ.አ. በ1928 ፔኒሲሊንን ያገኘው ይህንኑ ስቴፍሎኮከስ ሲያራባ ነበር፤ ሻጋታው በዙሪያው ያለውን ባክቴሪያ ሲያጠፋ አየ። ይሁንና መድኃኒቱ በሰፊው ከተሠራጨ ብዙም ሳይቆይ ፔኒሲሊን የማይበግራቸው የስቴፍሎኮከስ ዓይነቶች ተገኙ። መድኃኒት ያለ ልክና ያለ ሐኪም ትእዛዝ ሲሰጥ የሚተርፉት የበረቱት ናቸው፤ እነርሱም ከዶሮ ወደ ሰው ሊሻገሩ ይችላሉ። በተጨማሪም መድኃኒት የወሰደች ዶሮ እንቁላልና ሥጋ ሐኪሙ የወሰነው ቀን እስኪያልፍ ድረስ አይበላም፤ ለገበያም አይቀርብም።

ዶሮዪቱ በምትታከምበት ጊዜ ቤቷም መታከም አለበት። ቆጡ ጠርዙ ተልጎ እንዲለሰልስ፣ ስፋቱም 5 ሳንቲ ሜትር ያህል እንዲሆን ያስፈልጋል። ለከባድ ዶሮዎች ከመሬት ከግማሽ ሜትር ባይበልጥ ይመረጣል፤ ከከፍታ በሲሚንቶ ላይ መዝለል ውስጥ እግርን ይቀጠቅጣልና። ከሥሩ ሰጋቱራ ወይም ገለባ በወፍራሙ ይነጠፋል፤ ሲረጥብ ይለወጣል። ግቢውም ከሽቦ፣ ከምስማርና ከጠርሙስ ስባሪ ይጸዳል።

እብጠቱ ከጎደለ፣ ጥቁሩ ክዳን ወድቆ በሥሩ አዲስ ቆዳ ከታየ ዶሮዪቱ ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች። ተለይታ የቆየች ዶሮ በቀን ከተቀላቀለች ሌሎቹ ስለሚነክሷት፣ ከጨለመ በኋላ ቀስ ብሎ በዝቅተኛው ቆጥ ላይ ማስቀመጥ የተሻለ ነው።