የቤተሰብ ገቢና የልጆች ባሕርይ፦ የቼሮኪ ልጆች ጥናት
ድህነት የልጆችን አእምሮ ያውካል ወይስ የአእምሮ ሕመም ቤተሰብን ወደ ድህነት ይጥላል? ሁለቱ አብረው ስለሚገኙ ምክንያቱን ከውጤቱ መለየት ያስቸግራል። በሰሜን ካሮላይና ከ1993 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 1,420 ልጆችን ይከታተል የነበረው የጄን ኮስቴሎና የባልደረቦቿ ጥናት ግን ያልታሰበ ዕድል ገጠመው። በቼሮኪ ነባር ሕዝብ ይዞታ ላይ ካዚኖ ተከፈተ፤ ከትርፉም ከፊሉ ለእያንዳንዱ የጎሳው አባል በየስድስት ወሩ ይከፋፈል ጀመር። ገንዘቡ የወላጆች ጥረት ወይም ችሎታ ውጤት አልነበረም፤ የጥናቱ ጥንካሬም እዚህ ላይ ነው። ከድህነት በወጡ ቤተሰቦች ልጆች ዘንድ እምቢተኝነትና ጠበኝነት ቀንሶ ቀድሞም ድሃ ካልነበሩት ጋር ተስተካከለ። ጭንቀትና ድባቴ ግን (ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል) እምብዛም አልተለወጡም። ለባሕርይው መሻሻል በዋናነት የተገኘው ምክንያት ወላጆች ጊዜ አግኝተው ልጆቻቸውን በቅርብ መከታተል መቻላቸው ነው።