የፈረንሳይ ኮሜዲ ፊልሞች ለቋንቋ ትምህርት ያላቸው ፋይዳና ገደብ

በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ዘወትር ከሚሰሙት የውጭ ቋንቋዎች አንዱ ፈረንሳይኛ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ አዲስ አበባን እንደ ኪንሻሳ፣ ብራዛቪል፣ አቢጃን፣ ሎሜና ጅቡቲ ካሉ ፈረንሳይኛ ከሚነገርባቸው ከተሞች ጋር ያገናኛል። ፈረንሳይኛ ከአፍሪካ ኅብረት የሥራ ቋንቋዎች አንዱ በመሆኑም ቋንቋውን የሚናገሩ ልዑካን ለስብሰባ በቦሌ በኩል ይገባሉ። በስብሰባ አዳራሽ ውስጥ አስተርጓሚ ይመደባል፤ በአቀባበል፣ በሻይ ዕረፍትና በስልክ ጊዜ ግን የመንግሥት ሠራተኛው በራሱ አንደበት መግባባት ይጠበቅበታል።

ቋንቋው ለአገራችን ባዕድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1908 በተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ከፍተኛ ስፍራ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው የጅቡቲ ምድር ባቡርም «ለገሃር» የሚለውን ስያሜ አትርፎልናል፤ ቃሉ የመጣው «ላ ጋር» ከሚለው የፈረንሳይኛ አነጋገር ሲሆን ትርጉሙ ባቡር ጣቢያ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. ከ1941 ወዲህ እንግሊዝኛ ቦታውን በመያዙ አብዛኛው ሠራተኛ ፈረንሳይኛን የሚጀምረው ለአካለ መጠን ከደረሰ በኋላ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1907 የተመሠረተው አሊያንስ ኢትዮ-ፍራንሴዝ የሚገኘው በፒያሳ አካባቢ ነው። ከሥራ በኋላ ወደ ገርጂ፣ ሲኤምሲ ወይም አያት የሚመለስ ሠራተኛ በየዕለቱ ወደዚያ ለመመላለስ ይቸገራል። በክፍል የተማረውን በቤቱ ሆኖ ለማዳበር ከሚረዱት መንገዶች አንዱ የፈረንሳይ ኮሜዲ ፊልሞችን መመልከት ነው።

ኮሜዲ ከሌሎች ፊልሞች የሚለይበት ምክንያት አለው። በጀብዱ ፊልም ተመልካቹ ንግግሩ ባይገባው እንኳ ታሪኩን በምስሉ ይከታተላል። በቃላት ላይ የተመሠረተ ቀልድ ግን ያልተረዳውን አያስቅም። በመሆኑም ተማሪው ሳይስቅ ያለፈበት ቦታ ተመልሶ ሊያዳምጠው የሚገባውን ክፍል ያመለክተዋል።

ሁሉም ኮሜዲ ግን ለዚህ ዓላማ እኩል አይጠቅምም። የዣክ ታቲ ፊልሞች እጅግ የተደነቁ ቢሆኑም የሚያስቁት በአብዛኛው በእንቅስቃሴ ስለሆነ ለጆሮ የሚሰጡት ቃል ጥቂት ነው። በአንጻሩ ፍራንሲስ ቬበር እ.ኤ.አ. በ1998 ያቀረበው «ለ ዲኔ ደ ኮን» በአብዛኛው በአንድ መኖሪያ ቤት ውስጥ በንግግርና በስልክ የሚካሄድ ነው። ዋነኛው ገጸ ባሕርይ ፒኞን የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ፣ ወዳጁም የግብር ተቆጣጣሪ በመሆናቸው ታሪኩ ለመንግሥት ሠራተኛ ሩቅ አይደለም።

ዳኒ ቡን እ.ኤ.አ. በ2008 የሠራው «ቢያንቭኑ ሼ ሌ ሽቲ» ደግሞ በፈረንሳይ ከ20 ሚሊዮን በላይ ትኬት የተሸጠለት ሲሆን፣ ባለታሪኩ ዝውውር ለማግኘት አካል ጉዳተኛ መስሎ ሲቀርብ የተያዘና ወደ ሰሜን ፈረንሳይ የተላከ የፖስታ ቤት ኃላፊ ነው። በዚያ አካባቢ «ሰ» እንደ «ሸ» ስለሚነገር «ሲያን» (የእርሱ) የተባለውን «ሺያን» (ውሾች) ብሎ ይሰማዋል። ቀልዱ የገባው ተማሪ አንዲት ድምፅ ትርጉምን እንዴት እንደምትለውጥ አብሮ ይማራል።

ጥቅሙ የሚገኘው ግን በአመለካከቱ ሥርዓት ነው። ከሦስት እስከ አምስት ደቂቃ የሚሆን አንድ ትዕይንት መርጦ በመጀመሪያ ያለ ጽሑፍ ማዳመጥ፣ ቀጥሎ በፈረንሳይኛ የግርጌ ጽሑፍ መመልከት፣ በመጨረሻም ዐረፍተ ነገሮቹን ጽፎ ድምፅን ከፍ አድርጎ መድገም ይመከራል። በእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ ብቻ የሚመለከት ሰው ዓይኑ ሲያነብ ጆሮው ሥራ ይፈታል።

ሊዘነጋ የማይገባው ገደብም አለ። በፊልም የሚሰማው የጓደኛሞች አነጋገር የቢሮ ቋንቋ አይደለም። «አላውቅም» ለማለት በጽሑፍ «ዠ ነ ሴ ፓ» የሚባለው በፊልም «ሼ ፓ» ተብሎ ያጥራል፤ ይህን በደብዳቤ ማስፈር ነውር ነው። «አንተ» እና «እርስዎ» በአማርኛ እንደሚለዩ ሁሉ ፈረንሳይኛም «ቱ» እና «ቩ»ን ይለያል። በፊልም የለመደውን «ቱ» ለአንድ አምባሳደር የሚያቀርብ ሠራተኛ፣ ሰዋስው ሳይሳሳት አክብሮትን ያጓድላል፤ ጉድለቱም ለመሥሪያ ቤቱ ይተርፋል። «ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች» የሚለው ብሂል እዚህ ላይ ይሠራል። ስለዚህ ተማሪው ማን ለማን፣ በምን ሁኔታ እንደተናገረ ማጤንና ያጠራጠረውን አነጋገር መምህሩን መጠየቅ ይገባዋል።

በአጠቃላይ ፊልሙ የመምህርንና የሰዋስው መጽሐፍን ቦታ አይተካም፤ ጆሮን ግን ያሠለጥናል። ሥልጠናው መሥመር መያዙ የሚታወቀውም እንግዳው በሻይ ዕረፍት ላይ ሲቀልድ ሠራተኛው አስተርጓሚ ሳይጠብቅ በሰዓቱ ሲስቅ፣ መልሱንም በ«ቩ» ሲጀምር ነው።