ነጎድጓድ ሲሰማ የዛፍ ሥር ስብሰባ ይበተን

በየገጠሩ የገበሬ ማኅበር ስብሰባ አዘውትሮ የሚካሄደው በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ነው። ዋርካው በበጋ ተሰብሳቢውን ከፀሐይ ያስጠልላል። ዝናብ ሲመጣ ግን ያው ዛፍ የአደጋ ምክንያት ሊሆን ይችላል። ይኸውም በመብረቅ የተነሣ ነው። ስለሆነም የማኅበር መሪዎች መብረቅ በምን ሕግ እንደሚሠራ ሊገነዘቡ ይገባል።

መብረቅ ኤሌክትሪክ ነው። የላስቲክ ማበጠሪያ በደረቅ ፀጉር ላይ ደጋግሞ ታሽቶ ወደ ገለባ ብናኝ ቢጠጋ ብናኙን ይስባል። ማበጠሪያው በመታሸቱ የኤሌክትሪክ ሙል አግኝቷል ማለት ነው። በደመና ውስጥም የበረዶ ቅንጣቶች እርስ በርስ ሲጋጩ ተመሳሳይ ነገር ይደርሳል። ቀላሎቹ ቅንጣቶች አዎንታዊ ሙል ይዘው ከነፋሱ ጋር ወደ ላይ ሲወጡ፣ ከበድ ያሉት አሉታዊ ሙል ይዘው ከታች ይቀራሉ። የተጠራቀመው ሙል አየሩ ሊያግደው ከሚችለው በላይ ሲሆን ወደ መሬት ይወርዳል።

በዚህ ጊዜ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ 30,000 አምፔር ያህል ሊደርስ ይችላል። መንገዱ ላይ ያለው አየርም እስከ 30,000 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይግላል፤ ይህም ከፀሐይ ገጽ ሙቀት 5 እጥፍ ያህል ነው። ነጎድጓድ የሚባለውም አየሩ በድንገት ግሎ ሲፈነዳ የሚሰማው ድምፅ ነው።

መብረቅ ወደ መሬት ሲወርድ ብዙውን ጊዜ ከአካባቢው ከፍ ብሎ የቆመውን ነገር ይመታል። ለብቻው የቆመ ዛፍ፣ የኮረብታ ጫፍ ወይም በሜዳ መሐል ያለ ሰው ለዚህ የተጋለጠ ነው። በታረሰ ማሳ መሐል የሚሠራ ገበሬም ከአካባቢው ከፍ ያለው እርሱ ራሱ ሊሆን ይችላል። ዛፍ በተመታ ጊዜ ደግሞ የሰው አካል ከእንጨት ይልቅ ኤሌክትሪክ ስለሚያስተላልፍ መብረቁ ከግንዱ ላይ ዘሎ ከሥሩ የተጠለለውን ሰው ይመታል።

ከዚህም ሌላ ኤሌክትሪኩ መሬቱን ይዞ ወደ ዙሪያው ይሰራጫል። ከብቶች የፊትና የኋላ እግራቸው የተራራቀ በመሆኑ በአንዱ እግር ገብቶ በሌላው ሲወጣ ልባቸውን ያገኘዋል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኖርዌይ አገር በአንድ ተራራማ ሜዳ ላይ 323 የዱር አጋዘኖች በመብረቅ አልቀው ተገኝተዋል። እረኞች መንጋውን በዛፍ ሥር ወይም በሽቦ አጥር ዳር አከማችተው እንዳያቆሙ መምከር የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

አደጋው ምን ያህል እንደቀረበ በመቁጠር ማወቅ ይቻላል። ብልጭታው ወዲያውኑ ይታያል፤ ድምፁ ግን አንድ ኪሎ ሜትር ለመጓዝ 3 ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። በብልጭታውና በነጎድጓዱ መካከል 15 ሰከንድ ከተቆጠረ መብረቁ በ5 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ነው። ቁጥሩ እያነሰ ከሄደ እየቀረበ ነው ማለት ነው። ሆኖም መብረቅ ከዝናቡ ቀድሞ ሩቅ ስለሚመታ፣ ነጎድጓዱ ከተሰማ ስብሰባውን ለመበተን መዘግየት አይገባም። ወደ ሜዳ መመለስ የሚቻለውም የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ 30 ደቂቃ ካለፈ በኋላ ነው።

የሣር ክዳን ጎጆ ከዝናብ እንጂ ከመብረቅ አያድንም። በውስጡ ያለ ሰው ከግድግዳውና ከምሰሶው ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ ኃይል እየሞላ ያለ ስልክም አይንካ። የተሻለው መጠለያ የኤሌክትሪክና የውኃ መስመር የተዘረጋለት ትልቅ ሕንፃ ወይም የብረት ጣሪያ ያለው ዝግ መኪና ነው። ትምህርት ቤትና ጤና ኬላ የመብረቅ መከላከያ ቢተከልላቸው መልካም ነው። መከላከያው ከጣሪያው በላይ የቆመ የብረት ዘንግ ሲሆን፣ ኤሌክትሪኩን በወፍራም ሽቦ ወደ እርጥብ መሬት ያወርዳል። ሽቦው በአግባቡ ካልተቀበረ ራሱ አደጋ ስለሚሆን ሥራው ለባለሙያ ይሰጥ። መጠለያ ያጡ ሰዎች ደግሞ ተራርቀው፣ ሁለት እግራቸውን ገጥመው ቁጢጥ ይበሉ እንጂ መሬት ላይ አይተኙ።

በመብረቅ የተመታ ሰው በአካሉ ኤሌክትሪክ አይቀርበትም፤ መንካት አያስፈራም። ትንፋሹ ከቆመ ጊዜ ሳይባክን ደረቱን መሐል ላይ በሁለት እጅ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ መጫን፣ የሠለጠነ ሰው ካለም ትንፋሽ መስጠት ያስፈልጋል። ሞቷል ተብሎ የተተወ ሰው በዚህ እርዳታ ሊድን ይችላል።

ስብሰባ የሚጠራው መሪው ነው። ደመናው ሲከብድ «ተነሡ» ብሎ ሕዝቡን ከዛፉ ሥር የማስነሣቱ ኃላፊነትም የእርሱ ነው።