ለአንድ ሱቅ ብቻ የሚሠራ የካርድ ቁጥር

እ.ኤ.አ. በ2018 ክረምት ከብሪቲሽ ኤርዌይስ ድረ ገጽ ቲኬት የቆረጡ ሰዎች የተለየ ነገር አላዩም። የካርዳቸውን ቁጥርና ከጀርባው ያለውን ባለ 3 አሃዝ ኮድ አስገቡ፤ ቲኬታቸውም በኢሜይል ደረሳቸው። የመክፈያ ገጹ ውስጥ ግን ሰርጎ ገቦች ያስገቡት አጭር ፕሮግራም ተደብቆ ስለነበር፣ የተጻፈው ሁሉ ለሌቦቹም ይላክ ነበር። የእንግሊዝ የመረጃ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የ244 ሺህ ያህል ደንበኞች የካርድ ቁጥርና ኮድ መጋለጡን ገልጾ፣ በ2020 አየር መንገዱን 20 ሚሊዮን ፓውንድ ቀጣው።

ደንበኞቹ ምንም አላጠፉም። የቱንም ያህል ቢጠነቀቁ አይድኑም ነበር፤ ምክንያቱም ያው አንድ ቁጥር ለአየር መንገዱም፣ ለልብስ ሻጩም፣ ለፊልም ድርጅቱም ተሰጥቷል። አንዱ ጋ ከተሰረቀ ሁሉም ቦታ ይሠራል። ቨርቹዋል ካርድ የመጣው ለዚህ ነው።

ቨርቹዋል ካርድ ፕላስቲክ የሌለው ካርድ ነው። ባንኩ በአፑ በኩል ባለ 16 አሃዝ ቁጥር፣ የማብቂያ ጊዜና ኮድ ይሰጥዎታል። ቪዛ ከሆነ እንደ ወትሮው በ4 ይጀምራል፤ የመጨረሻዋ አሃዝም ከፊቷ ካሉት 15ቱ ተሰልታ የምትገኝ ማረጋገጫ ናት። ስለዚህ የመክፈያ ገጹ እንደማንኛውም ካርድ ይቀበለዋል። ክፍያው ባንኩ ጋ ሲደርስ፣ ባንኩ ቁጥሩ የማን ሂሳብ እንደሆነ ከመዝገቡ አይቶ፣ የተቀመጠውን ገደብ አመሳክሮ ይፈቅዳል ወይም ይከለክላል። ሻጩ ዋናውን ቁጥር በጭራሽ አያገኘውም፤ የሌለው ነገር ደግሞ አይሰረቅበትም። ስምና አድራሻ ግን ያው በሻጩ እጅ ይቀራሉ፤ ካርዱ የሚጠብቀው ገንዘብን ብቻ ነው።

ሐሳቡ የቆየ ነው። አሜሪካን ኤክስፕረስ ለአንድ ግዢ ብቻ የሚሆን ቁጥር ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2000 ነበር፤ አልዘለቀም እንጂ። ነገሩን ያቀለለው ስልክ ላይ ያለው የባንክ አፕ ይመስለኛል።

ዛሬ አውሮፓ ውስጥ ሬቮሉት የሚሰጠው አንዱ ዓይነት ካርድ አንዴ ከተከፈለበት በኋላ ቁጥሩ ይሞትና በቦታው ሌላ ይተካል። አሜሪካ ውስጥ ካፒታል ዋን ለአንድ ሻጭ ብቻ የሚሠራ ቁጥር ይሰጣል። ሲቲ ባንክ ደግሞ የገንዘብ ጣሪያና የማብቂያ ጊዜ እንዲወስኑ ይፈቅዳል። ለእኔ ከሁሉም የሚሻለው በአንድ ሻጭ የታጠረው ነው። የአንድ ጊዜው ለማያውቁት ሱቅ ጥሩ ነው፤ በየወሩ ለሚከፈል አገልግሎት ግን በሁለተኛው ወር ክፍያው ውድቅ ይሆናል። ለነጻ ሙከራ የተመዘገበ ሰው ጣሪያውን ዝቅ ቢያደርግ ያልጠበቀው ክፍያ አይወጣበትም። ይሁን እንጂ ካርዱን መዝጋት ውሉን አያፈርስም፤ አገልግሎቱን በአግባቡ ማቋረጥ ያስፈልጋል።

ከሁሉ አጥብቄ የምመክረው በዴቢት ካርድ ለሚገዙ ነው። ክሬዲት ካርድ ላይ የተጭበረበረው የባንኩ ገንዘብ ነው፤ በአሜሪካ ሕግም ባለቤቱ ቢበዛ 50 ዶላር ነው የሚጠየቀው። በዴቢት ካርድ ግን የቤት ኪራዩ የሚከፈልበት ሂሳብ ይራቆታል። ባንኩ ገንዘቡን ቢመልስም ለማጣራት 10 የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል፤ አከራይ ደግሞ ያን ያህል አይጠብቅም።

የማያዋጣበትም ቦታ አለ። ሆቴልና መኪና አከራይ ሲደርሱ ካርዱን በእጅ ማየት ይፈልጋሉ። ዕቃ ሲመለስ ገንዘቡ በተዘጋ ቁጥር ላይ ቢላክም ብዙ ጊዜ ባንኩ ወደ ዋናው ሂሳብ ያስገባዋል፤ ቢሆንም ዕቃው በእጅ እስኪገባና እስኪሞከር ድረስ ቁጥሩን አለመዝጋት ይሻላል። አንዳንድ አየር መንገዶችም ቲኬቱ የተገዛበትን ካርድ ኤርፖርት ላይ አሳዩ ይላሉ። ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ቲኬት ከመቁረጡ በፊት ይህን ደንብ ይመልከት፤ ካለ በዋናው ክሬዲት ካርድ ይክፈል፤ ካርዱንም ይዞት ይጓዝ።